ከናይፍ ሐይቅ ስንመለስ፦ ዳገቱን ወይስ ነፋሱን?

ሚኒሶታ ለምንኖር ሐበሾች ሐይቅ ብርቃችን አይደለም። ባውንደሪ ዋተርስ ግን ሌላ ነው። የካናዳን ድንበር ይዞ የተዘረጋ፣ ከ1,000 በላይ ሐይቆች ያሉት ጥብቅ ዱር ነው። ሐይቆቹ ላይ የአቅጣጫ ምልክት የለም። በታንኳ ለመግባት ሁሉም ይዘጋጃል፤ ለመመለሻው የሚጨነቀው ጥቂት ነው። እኔ ግን ከባዱ ውሳኔ እሱ ነው ባይ ነኝ። ስትገባ ጉልበትም ስንቅም ሙሉ ነው። ስትመለስ ትከሻ ዝሏል፣ የሥራ ቀን ደርሷል፣ ሰው ይቸኩላል።

የገባነው ኢሊ ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ሙስ ሐይቅ ነው። በኤንሳይንና በቬራ ሐይቆች አድርገን ናይፍ ደረስንና ተንደር ፖይንት ከሚባለው ገደል አጠገብ ሰፈርን።

ለመመለስ ሁለት መንገድ ነበረን። አንዱ የመጣንበት ነው። ቬራ ግራና ቀኝ ረጃጅም ፖርቴጆች፣ ማለትም ከሐይቅ ወደ ሐይቅ በእግር የሚታለፍባቸው መንገዶች፣ አሉበት፤ ታንኳውንና ጓዙን ተሸክመህ ዳገት ትወጣለህ። ሁለተኛው ናይፍን ወደ ምዕራብ ቀዝፎ ጨርሶ በሲድ፣ በሜሎን፣ በካርፕና በበርች ሐይቆች መውረድ ነው። እዚያ ፖርቴጆቹ አጫጭር ናቸው፣ ወንዙም የሚፈሰው ወደምንሄድበት ነው። ካርታ ላይ ሲያዩት አንጀት ያርሳል።

ችግሩ ነፋሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከምዕራብ ነው፣ ናይፍ ደግሞ ረጅም ሆኖ ወደዚያው ተጋድሟል። ነፋስ ረጅም ገላጣ ውሃ ካገኘ ማዕበሉን ያሳድገዋል። ኤንሳይንም ለዚህ ነፋስ የተጋለጠ ነው፣ ግን ከናይፍ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ማይል መቁጠሩን ተውኩት። ከዳር ርቀን፣ ያለ ከለላ የምንቀዝፍባቸውን ቦታዎች ብቻ ካርታው ላይ በእርሳስ አከበብኳቸው። መንገድ ሲመረጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይኼ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ሰውና ሸክም። ከሁለቱ ታንኳዎቻችን ኬቭላር ከሚባል ቀላል ሰው ሠራሽ ቃጫ የተሠራው 19 ኪሎ፣ አሉሚኒየሙ 34 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ማታ እሳቱ ዳር ስንመክር፣ “ልጆቼ፣ ዳገቱን ማሩኝ እንጂ ውሃው ላይ እስከፈለጋችሁት እቀዝፋለሁ” አሉ። ይህ ለእኔ ከካርታው እኩል ነበር።

ደግነቱ ወደ ቬራ የሚያስገባው ፖርቴጅ ያለው በናይፍ ደቡብ ዳር፣ ወደ ምዕራብ ስንሄድ በመንገዳችን ላይ ነው። ስለዚህ ማታውኑ አልቆረጥንም። ጎህ ሲቀድ እንነሳለን፣ ዳር ዳሩን ይዘን እንቀዝፋለን፤ እዚያ ስንደርስ ማዕበሉ ነጭ አረፋ ከደፈቀ ወደ ቬራ እንታጠፋለን። መስፈርቱን ቀድመን በመስማማታችን ውሃው ላይ ጭቅጭቅ አልነበረም።

ቁርስ ሳንቀምስ ተነሳን። ውሃው ጭጋግ ለብሷል። ፖርቴጁ አፍ ላይ ስንደርስ ቆም ብለን ዐየን። ከደሴቶቹ ወዲያ ውሃው ሽብሽብ ብሏል እንጂ አረፋ የለውም። ጋሼ መቅዘፊያቸውን ወደ ምዕራብ ቀሰሩ። በአይል ኦፍ ፓይንስ በኩል አለፍን፤ ዶሮቲ ሞልተር እስከ 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለቀዛፊዎች ሩት ቢር የሚባለውን ለስላሳ መጠጥ እያዘጋጁ የኖሩባት ደሴት ናት። መቆም አምሮኝ ነበር፤ ግን ጠዋቱን ማባከን አልፈለግንም።

ነፋሱ የተነሳው ካርፕ ከገባን በኋላ ነው። እዚያ ዳሩ ቅርብ ስለሆነ አላስቸገረንም።

ለመሄድ ላሰበ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። የመግቢያ ፈቃዱ የሚያስርህ በምትገባበት ቦታና ቀን ነው፤ መውጫው የራስህ ምርጫ ነው። መኪና የሚያደርስልህ ሰው ካለ አማራጭህ ይሰፋል። ዱሩ ውስጥ ስልክ በአብዛኛው አይሠራም፤ እኔ ሁለቱንም መንገዶችና ካለፈ እርዳታ መጠራት ያለበትን ሰዓት ጽፌ ለባለቤቴ ትቼላት ነበር።