ያ ጩቤ

ዛሬ እሑድ የሥራ ባልደረባዬ ብራምፕተን ወዳለው ጉርዷራቸው፣ ወደ ሲክ ሃይማኖት ቤተ ጸሎታቸው፣ ይዘውኝ ሄዱ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ አብረን ካርቶን እንደረድራለን። ከሸሚዛቸው ሥር በማንገቻ የተንጠለጠለችውን አጭር ጩቤ ካየሁ ዓመት ሆነኝ፤ አፍሬ አልጠየቅኳቸውም። እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ሰሞን ከጎናቸው መቆም ሁሉ እፈራ ነበር።

ጫማ አወለቅን። ራስ መሸፈኛ ሊሰጡኝ ሲሉ ነጠላዬን አሳየኋቸው። ጸሎቱ ሲያልቅ አንድ ሰው ኪርፓን የሚሉትን ያንኑ ዓይነት ጩቤ መዝዞ በዱቄት፣ በቅቤና በስኳር በተሠራው ትኩስ ፕራሻድ ላይ አሳለፈው። ቅቤው ወዝ ብሎ፣ ቁርጥ ገንፎ! ከዚያ በሁለት እጃችን ተቀበልን። ስፈራው የኖርኩት ስለት ምግብ ሲባርክበት አየሁ።

ወለል ላይ ተቀምጠን ምስር በቂጣ እየበላን ስለ ጩቤው ጠየቅኳቸው። «ስሙ ከኪርፓ የመጣ ነው፤ ኪርፓ ማለት ምሕረት ነው» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1699 የሲኮች መሪ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ሕንድ ውስጥ አናንድፑር ላይ ኻልሳ የተባለውን የአማኞች ማኅበር ሲመሠርቱ ከተሰጡት አምስት ምልክቶች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባርና የጥጥ ቁምጣ። የተጠቃን ለመከላከል እንጂ ለጠብ አይመዘዝም። እዚህ ካናዳ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የኩቤክ ተማሪ ልብሱ ውስጥ ተሰፍቶ እንዲይዘው ተፈቅዶለታል።

«ሲተኙስ አያወልቁትም?» አልኳቸው።

አንገቴን፣ ማተቤን አዩና «አንቺስ ያንን ክር ታወልቂዋለሽ?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። እሳቸው ምስር ጨመሩልኝ።