የአባቴ ደብተር

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አንድ ማታ፣ ከሦስት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ አባቴ ከደሴ ደወለልኝ። በዚያ ሰዓት ስልክ አይነካም፤ የራዲዮው ሰዓት ነው። ደንግጬ አነሣሁት።

«ይህ የላክህልኝ ባትሪ ድንጋይ የማይረባ ነው» አለኝ።

ሌላ ጣቢያ ሞክሮ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሞክሯል። ዐረብኛውም ስዋሂሊውም ጥርት ብሎ ይሰማል። የጠፋው የአሜሪካ ድምፅ ብቻ ነው። እንግዲህ መርዶውን የመንገር ዕጣ ለእኔ ወጣ፤ ከ1300 የሚበልጡት የጣቢያው ሠራተኞች ከሞላ ጎደል በሙሉ መጋቢት 6 ቀን ከሥራ ገበታቸው እንዲርቁ መደረጋቸውን፣ በ49 ቋንቋ ይናገር የነበረው ቤት ጸጥ ማለቱን ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ሰው ሲሄድ እኮ ደኅና ሁኑ ይላል» አለ በመጨረሻ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ቤታችን ከጦሳ ተራራ ሥር ስለሆነ ልጅ ሳለሁ የራዲዮ ሞገድ ተራራውን እንዴት እንደሚሻገር ግራ ይገባኝ ነበር። አንድ ጠዋት የመላጫ መስታወቱን ይዞ የፀሐዩን ብርሃን ወደ ኮርኒሱ፣ ከኮርኒሱ ደግሞ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ወዳለው ጨለማ ላከው። «አጭር ሞገድ ይህ ነው» አለኝ። «ተራራውን አይወጣም፤ ሰማይ ነክቶ ይመለሳል።» ከመስኮቱ እስከ ባሕር ዛፉ የተወጠረው የመዳብ ሽቦ ምን እንደሚጠብቅ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

በደርግ ጊዜ ራዲዮውን ጋቢ ውስጥ ከትቶ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። ሲጨርስ መቃኛውን አዲስ አበባ ላይ መልሶ ያቆመዋል፤ ድንገት የሚገባ እንግዳ ሌላ ቦታ ላይ እንዳያገኘው። በኋላ፣ ጋቢው ሲነሣ፣ ሥርዓት አበጀለት። አንድ ሰዓት ላይ የጀርመን ድምፅ፣ ሁለት ሰዓት ላይ የአገር ቤቱ ዜና፣ ሦስት ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅ። ሦስቱም ያሉትን ያምናል፤ አንዱ ብቻ ያለውን ያሳድረዋል። የሁለቱ ደመወዝ የሚከፈለው ከባዕድ መንግሥት ካዝና መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል። ለዚህም ነው አንዱን ብቻ ሰምቶ ተኝቶ የማያውቀው። እኔ ከአምስት የስልክ መልእክት አራቱን ሳላጣራ ለሰው የማስተላልፈው ልጁ፣ ይህን ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ።

ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተርም አለው። ጣቢያዎቹ በመጋቢትና በጥቅምት ሞገድ ሲቀያይሩ አዲሱን ቁጥር ይመዘግባል፤ የድምፁን ጥራት ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ከአሥር ያርማል። ቢቢሲ እንግሊዝኛ 9። የጀርመን ድምፅ 8፣ በክረምት 6። የ2002 ዓ.ም. ገጾች ላይ ለአሜሪካ ድምፅ ዜሮ በዜሮ ላይ ተደርድሯል፤ ከጎኑ «ወፍጮ» ይላል። አፈናው ነው፤ ጣቢያው እንዳይሰማ በዚያው ሞገድ ላይ ጩኸት ይለቀቅበታል። በዚያ ዓመት መጋቢት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የማፈኛ ሙከራ እየተደረገ መሆኑን በአደባባይ ተናግረው፣ ጣቢያውን የዘር ጭፍጨፋ ከቀሰቀሰው ከሩዋንዳው ራዲዮ ሚል ኮሊን ጋር አመሳስለውት ነበር። አባቴ ተናደደ እንጂ አልዘጋም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በወፍጮው መሐል አንዲት ዐረፍተ ነገር ሲያድን አይቼዋለሁ።

የአሜሪካ ድምፅ በ1942 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያ ስርጭቱን ያስተላለፈው በጀርመንኛ፣ ለጀርመኖች ነበር፤ ዜናው መልካምም ሊሆን ይችላል መጥፎም፣ እኛ እውነቱን እንነግራችኋለን ብሎ። የጀርመኑ ጣቢያ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ለእኛ በአማርኛ መናገር ጀመረ፤ መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም.። አንዱ ስልሳ ዓመት በሞላበት ዕለት ሌላው አፉን ተያዘ። ይህን ያስታወሰኝ አባቴ ነው እንጂ እኔ ቀኑን ልብ አላልሁትም።

ለፋሲካ ደሴ ስሄድ ደብተሩን ገለጥሁት። ሞገዱ ተጽፏል፣ ሰዓቱም ተጽፏል። በቀዩ ዐምድ ዜሮ እጠብቅ ነበር። እሱ ግን ዜሮ የሚሰጠው ለተፈተነ ነው ይላል። ከመጋቢት ጀምሮ በየማታው አንድ ቃል ነው የጻፈው፦ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ።