ሙከራና መከራ

ትናንት ማታ ልጄ ከትምህርት ቤት የታዘዘችውን ሁለት ብርጭቆ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በሁለቱም ውስጥ ባቄላ ዘርታለች። አንዱ አስር ቀን መስኮት ላይ ቆይቷል፤ ሌላው ቁም ሳጥን ውስጥ። የመስኮቱ አጠር ብሎ አረንጓዴ ሆኗል፣ ግንዱም ጠንካራ ነው። የቁም ሳጥኑ ግን እጥፍ ረዝሟል፤ ገርጥቶ፣ ቀጥኖ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ሙከራዬ ከሸፈ» አለችኝ። እንባዋ ቀርቦ ነበር። ደብተሯ ላይ «ጨለማ ውስጥ ያለው አያድግም» ብላ ጽፋለች።

ከተኛች በኋላም «ሙከራ» የሚለው ቃል አልለቀቀኝም። የግድያ ሙከራ እንላለን፤ ያልተሳካ ማለታችን ነው። ቤተ ሙከራም እንላለን፤ እዚያ ግን ሰው የሚገባው ጥያቄ ይዞ ነው። መልሱ ያልጠበቀው ቢሆንም መልስ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ስለምንጠራ ልጅቷ ብትደናገር አልፈርድባትም።

ሥሩን ሳየው ደግሞ ይበልጥ ገረመኝ። በግእዝ «አመከረ» ፈተነ ማለት ነው። ምክር፣ ሙከራ፣ ተሞክሮ፣ መከራ፣ ሁሉም የዚያው ሥር ልጆች ናቸው። ሙከራ የሚባልበት የእንግሊዝኛው ኤክስፐሪመንትም «ኤክስፔሪሪ» ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ነው፤ መሞከር ማለት ነው። ኤክስፒሪያንስ (ተሞክሮ) እና ኤክስፐርት (ባለሙያ) ከዚያው ወጡ። አደጋ ማለት የሆነው የላቲን ቃል፣ «ፔሪኩሉም»፣ የእነሱ ዘመድ ነው። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ሙከራንም ተሞክሮንም «ኤክስፔሪያንስ» ይሉታል።

ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች መሞከርን፣ ማወቅንና መከራን አንድ ቤት አስገቡ። ምክርን የጨመረው ግን የእኛው ነው። ይሄ ደስ አሰኘኝ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ሲባል ሁሌም እንደ ዛቻ ነበር የምሰማው። ማታ ግን ሌላ ነገር ሰማሁበት፦ የሆነብን ነገርም ይመክራል። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የነሐስ ኳስ ባዘነበለ ጣውላ ቦይ ላይ መቶ ጊዜ ያህል እየደጋገመ እንዳንከባለለ ጽፏል። ጊዜውን የለካው ከዕቃ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃ እየመዘነ ነበር። ኳሱን ሲያማክረው ታየኝ።

ጠዋት ላጲሷን ይዛ የጻፈችውን ልታጠፋ ስትል ደረስኩ። «ተይው፣ እንዳለ ይቆይ» አልኳት። «ከሥሩ ባቄላው ምን እንዳለሽ ጻፊ።»

ገርጣጣውን ግንድ በማስመሪያ ለካችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ብርሃን ፍለጋ ነው እንዴ እንዲህ የረዘመው?» አለችኝ።