የስንት ቀን መንገድ ነው?

እናቴ በደወልኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ነበረቻት። «አሜሪካ የስንት ቀን መንገድ ነው?» ሰዓት አትልም፣ ቀን ነው የምትለው። እኔም ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ቢሆን ነው እላታለሁ። «እሱማ ከመርጡለ ማርያም ይቀርባል! ታዲያ ምነው ቀረሽብኝ?» ትለኛለች። እሷ ከቢቸና ወዲያ ካለው ቀያችን ተነስታ መርጡለ ማርያም ለንግሥ በእግሯ ስትሄድ፣ መንገድ ላይ ታድር ነበር።

2011 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ላይ ወንድሜ ደወለ። እዚያ ሐሙስ ንጋት 11 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ደውሎ አያውቅም። «እታለም፣ እናታችን ትንሽ ደከም ብላለችና ብትመጪ» አለኝ። ይህች ቃል ምን ማለት እንደሆነች ስደት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ለካ አንድ ወር ሙሉ ታማ ኖሯል፣ እንዳልጨነቅ ብለው ደብቀውኝ። እባካችሁ፣ ቤተሰቦቻችሁን «ስታመሙ ንገሩኝ» በሏቸው፤ አስምሏቸው።

የሐሙሱ አውሮፕላን ሞልቷል። የዓርቡን ቆረጥኩ። ሐሙስን ባገኘው ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አለቀስኩ። ግን ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ አውሮፕላኑ የሚነሳው ጠዋት 5 ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ አገር ቤት ምሽቱ 1 ሰዓት ሆኗል። እናቴ ደግሞ በዚያው ዕለት 9 ሰዓት ላይ ተቀብራለች። እኔ ሻንጣ ሳልዘጋ ማለት ነው። የትኛውም ወንበር አያደርሰኝም ነበር።

ያ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል በረራ እንቅልፍ በሌለበት አለቀ። ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ወረድኩ፣ ዘመድ መኪና ይዞ ጠበቀኝ። ደጀን ድረስ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በካርታ ሲያዩት ምንም። ከጎሐ ጽዮን በኋላ ግን የዓባይ በረሃ አለ። ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ከፊት የሚያቃስት የጭነት መኪና፣ ሙቀቱ፣ ከዚያ ጃፓኖች የሠሩት ድልድይ፣ ከዚያ ደግሞ ያን ሁሉ ዳገት ወደ ላይ። ሰማይ ላይ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ስበር የመጣሁት ሰው፣ ከተሳቢ ኋላ እየተጎተትኩ እናቴ ቤት ልደርስ። ደጀን ላይ የማርቆስን መንገድ ወደ ግራ ትተን ወደ ቢቸና ታጠፍን።

(መመለሻው ደግሞ ይብሳል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለዚያ ርቀት የሚበቃ ነዳጅና ሰው ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ነፋሱም ከፊት ነው። ደብሊን አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ እኔ ጥቁር ነጠላዬን ተከናንቤ ከወንበሬ አልተነሳሁም።)

ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰው እንደ ጉድ ነው። ሠልስቷ ነበር። ለቅሶው ጋብ ሲል አንዲት የእናቴ የማኅበር ጓደኛ አጠገቤ መጥተው ፊቴን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «ልጄ፣ የስንት ቀን መንገድ ነው?» አሉኝ።

«ሦስት ቀን ነው፣ እማማ» አልኳቸው።