ሰማያዊው ኢንሄለር

ሰመር ካምፕ የመግቢያው ቀን እሑድ ነው። ከቀትር በኋላ መኪኖቹ በጫካው መንገድ ተከታትለው ይመጣሉ። ልጆቹ ትራሳቸውን ታቅፈው ወደየጎጇቸው ከመሮጣቸው በፊት ግን ወላጆቻቸው እኔ ጠረጴዛ ፊት መቆም አለባቸው። ነርስ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ጎንደር ነው። አሜሪካ ገብቼ ፈቃዴን እንደገና ካወጣሁ ወዲህ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ የልጆች ካምፕ እሠራለሁ። ቦታው ተራራ ላይ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ የማይመጣ መድኃኒት የለም። ኦቾሎኒ ለማይስማማቸው ልጆች የኤፒኔፍሪን መርፌ፣ ኢንሱሊን፣ ትኩረት ለሚያስቸግራቸው የሚታዘዝ ሜቲልፌኒዴት። ይህን የመጨረሻውን ከወላጁ ጋር ፍሬ በፍሬ ቆጥረን፣ ሁለታችንም ፈርመን፣ በሁለት ቁልፍ እንቆልፍበታለን። ቫይታሚን እንኳ ልጁ ቦርሳ ውስጥ አይቀርም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ዳማከሴ በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሽታው እናቴ ጓሮ ድረስ ወሰደኝ፤ ቢሆንም መለስኩላት።

ሕጉ አጭር ነው። መድኃኒቱ ፋርማሲው በሰጠው ዕቃ ውስጥ ሆኖ፣ የልጁ ስም ተለጥፎበት መምጣት አለበት። ከእሱም ጋር ሐኪምና ወላጅ የፈረሙበት የፈቃድ ቅጽ ያስፈልጋል። ወላጆች ይህን ሲሰሙ የሚከፋቸው እንዳልታመኑ ስለሚሰማቸው ነው። ስሜታቸው ይገባኛል። በዚያ እሑድ ሕጉን የጣስኩትም እሱው ስለገባኝ ነው።

ወረፋው በረዘመበት ሰዓት አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ ቀረበች። የደረት ባጄን አንብባ፣ «ሀበሻ ነሽ አይደል? ተመስገን!» አለች። ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው ነው። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አስም አለበት። ካምፑ በነፃ የሚቀበላቸው ጥቂት ልጆች ስላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ሰው ነው ያስመዘገበላት። ቅጹ በደንብ ተሞልቷል። ክሊኒክ ያየው ሐኪም «አልቡተሮል፣ ሲያስፈልግ ሁለት ፓፍ» ብሎ ፈርሟል፤ ፓፍ ማለት ወደ አፍ የሚነፋውን ኢንሄለር አንድ ጊዜ መጫን ነው። የኢንሹራንስ ካርዳቸው ስላልደረሰ ግን መድኃኒቱን ከፋርማሲ አላወጣችም። በምትኩ ከቦርሳዋ አገር ቤት የገዛችውን ሰማያዊ ኢንሄለር አወጣች። ካርቶን የለውም፤ የተለጠፈበትም ነገር የለም።

አብሮት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነበር። ቂጡ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ተበስቷል፤ ዙሪያው እንዳይቆርጥ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ልጆች ኢንሄለርን በቀጥታ አፋቸው ውስጥ ሲነፉት አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መሃል ላይ ባዶ ዕቃ ሲኖር ግን ረጋ ብለው ይስቡታል። ፋርማሲ የሚሸጠው ስፔሰር ሥራው ይኸው ነው። የውሃ ጠርሙስም በሚገባ ይሠራዋል፤ አገር ቤት ሳለሁ ስንቱን በስቻለሁ። ያን ሃይላንድ ሳይ ልቤ ራራ።

አጠገቤ የነበረችው አሜሪካዊት ነርስ፣ «ስም የሌለው መድኃኒት አንቀበልም። በዚያ ላይ አልቡተሮል ነው የታዘዘው፤ ይህች እናት ደግሞ ሳልቡታሞል እያለች ነው» አለችኝ። እኔም አስረዳኋት። አንድ መድኃኒት ነው፤ አሜሪካ አልቡተሮል ይለዋል፣ ሌላው ዓለም ሳልቡታሞል። እዚህ በአንድ ፓፍ 90 ማይክሮግራም፣ እዚያ 100 ተብሎ የሚጻፈውም አንዱ ከኢንሄለሩ አፍ ሲወጣ፣ ሌላው በውስጡ ካለው የብረት ብልቃጥ ሲወጣ ስለሚለካ ነው። ፓራሲታሞልና አሲታሚኖፌን እንደማለት። ሰማችኝና ዝም አለች። እስከ ረቡዕ ከፋርማሲ የወጣው እንዲመጣ ተስማማን፤ ኢንሄለሩን ተቀበልኩ።

ስለ ስሙም ስለ መጠኑም ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር። ያላደረግኩት ነገር የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበትን ብልቃጥ ከፕላስቲኩ አውጥቶ ማየት ነው። አገር ቤት ትንፋሽ ሲያጥር የሚወሰደው ማስታገሻ ሰማያዊ፣ በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ ቡናማ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰማያዊ አየሁ፤ አለቀ።

ማክሰኞ ማታ ልጆቹ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ሲዘፍኑ አመሹ። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ጭሱ ሜዳው ላይ ተኛ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ጎጆው ውስጥ ልጆቹን የሚጠብቀው ካውንስለር ልጁን ተሸክሞ ክሊኒኩ ድረስ አመጣው። አልጋው ጫፍ ላይ ሳስቀምጠው ወደ ፊት አዘንብሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተከለ። ፒጃማውን ገለጥ ሳደርገው በጎድን አጥንቶቹ መሃል ያለው ቆዳ በየትንፋሹ ይሰረጉዳል። በደቂቃ 40 ጊዜ ይተነፍሳል። ጣቱ ላይ ያደረግኩት መለኪያ ኦክስጅኑን ከመቶ 91 አለ፤ ዝቅ ብሏል።

ኢንሄለሩን ነቀነቅኩ፤ ሃይላንዱ ቂጥ ላይ ሰካሁት፤ ሁለት ፓፍ ሰጠሁት። ሳልቡታሞል በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነገሩን ማቅለል ይጀምራል። ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅኩ። ምንም ለውጥ የለም። የካምፑ ሐኪም ለድንገተኛ ባስቀመጠው ትእዛዝ መሠረት ደገምኩለት። ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ በአማርኛ፣ «አልገባም» አለኝ። አየሩን ነው።

911 ደወልኩ፤ ኦክስጅን አደረግኩለት። ባልደረባዬን ሐኪሙን በስልክ እንድታገኘው ላክኋት። ብልቃጡን ከሰማያዊው ፕላስቲክ የመዘዝኩት ገና ያኔ ነው። መብራቱ ስር አዞርኩት። ጽሑፉ ደቂቅ ነው፤ ግን ይነበባል። «ቤክሎሜታሶን» ይላል። መከላከያው ነው። በየቀኑ ሲወሰድ በቀናትና በሳምንታት ሳንባን የሚያረጋጋ ስቴሮይድ ነው እንጂ፣ የተዘጋ ደረትን የሚከፍት አይደለም። አልጎዳውም፤ ሆኖም ያን ሌሊት የሰጠሁት ባዶ አየር በለው።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ የሌሎች ልጆች ስም የተለጠፈባቸው አልቡተሮሎች ተደርድረው ነበር። የአንዱን ልጅ መድኃኒት ለሌላው መስጠት ክልክል ነው። ሐኪሙ ግን በስልክ፣ «አንዱን አንሺና አራት ፓፍ ስጪው፤ ትእዛዙን እኔ እጽፋለሁ» አለኝ። በዚያው በሃይላንዱ ሰጠሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትከሻው ወረድ አለ፤ የደረቱ ፉጨትም መሰማት ጀመረ። ፉጨት ሲሰማ ደስ የሚለው ነርስ ብቻ ነው፤ አየር መንቀሳቀስ ጀመረ ማለት ነዋ። አምቡላንሱ ሲደርስ መለኪያው 94 ላይ ነበር። ወስደውት ሆስፒታል አደረ።

እናትየው ጋ የደወልኩት አምቡላንሱ ሳይንቀሳቀስ ነው። መጀመሪያ፣ «እህቴ፣ ልጅሽ ደህና ነው» አልኩ። በሌሊት ለሚደወልላት እናት ከዚህ ሌላ የሚቀድም ቃል የለም። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ የኔንም ጥፋት ጭምር። «ወይኔ ልጄን! ሰማያዊው እኮ ነው፤ ሁልጊዜ የምሰጠው እሱን ነው» አለችኝ። ሌላው የት እንዳለ ጠየቅኳት፤ ቡናማውን ቤት ትታዋለች። «ስልኩን ሳትዘጊ ብልቃጡን አውጪውና ፊደሉን አንብቢልኝ» አልኳት። መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ፤ ቀጥሎ የብልቃጡን ቀጭ የሚል ድምፅ። «ኤስ…» አለች። «ኤ… ኤል… ቢ…» ዝም አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

ቅዳሜ ማታ ሁለቱን ፕላስቲኮች በሞቀ ውሃ አጥባ መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አድርቃቸዋለች። በሳምንት አንዴ እጠቢ ተብላ በሐኪም የተመከረችውን ነው ያደረገችው። ብልቃጦቹን ስትመልስ ተለዋወጡባት። በዚያች እናት ላይ አንዲት ቃል የሚወረውር ሰው ቢኖር አልታገሰውም። ንጽሕናዋን ጠብቃ፣ ክሊኒክ ወስዳ፣ ቅጽ አስሞልታ፣ ሃይላንድ በስታ አምጥታለች። የኔ ድርሻ የነበረው ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

የአደጋ ሪፖርቱ ላይ «ብልቃጡን አልመረመርኩም» ብዬ ጻፍኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ተገቢ ነበር። የበለጠ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ እሑድ ምርጫው ወይ መቀበል ወይ ልጁን መመለስ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ከካምፑ በታች ያለችው ከተማ ፋርማሲ አላት፤ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። ሐኪሙ በስልክ ያዝዘው ነበር፤ ዋጋውን ካምፑ ይችለው ነበር፤ እኔም ሄጄ አመጣው ነበር። እሑድ ማታ የልጁ ስም የተጻፈበት አልቡተሮል ቁም ሣጥኑ ውስጥ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሕጉን ማላላት እርዳታ መሰለኝ፤ የሚረዳው መንገድ ረዘም ስለሚል አላሰብኩትም።

ከዚያ በኋላ ቅጹ ከሰኔ በፊት ለየቤተሰቡ እንዲደርስና መድኃኒት ማውጣት ላልቻለ ካምፑ እንዲያወጣለት ጠየቅኩ፤ ተቀበሉኝ። የአማርኛውን ትርጉም ራሴ ሠራሁ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የማንኛውም ልጅ ኢንሄለር፣ ካርቶን ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ወላጁ እያየ ብልቃጡ ይወጣል፤ ስሙ ጮክ ተብሎ ይነበባል። አሜሪካውያኑ ወላጆችም መጀመሪያ ግር ይላቸዋል።

በቀጣዩ ዓመት ያቺ እናት ልጇን ይዛ መጣች። ከፋርማሲ የወጡ ሁለት ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ሳልጠይቃት ብልቃጦቹን እየመዘዘች ሰጠችኝ። ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ራቅ አድርጋ፣ ብረቱ ላይ በማይለቅ ማርከር በአማርኛ ጽፋባቸዋለች። አንዱ ላይ «ጠዋትና ማታ»፣ ሌላው ላይ «ሲያፍነው»። ባልደረባዬ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እሷም ቃሉን ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ «ሲ-ያፍ-ነው»። ልጁ ሳቀባትና አስተካከላት።