ባዶ ሆም ስክሪን እና የሚቆመው ሰዓት

የአንድሮይድ ስልኬ ሆም ስክሪን (ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ገጽ) ላይ አሁን የቀሩት ሰዓት፣ ቀን እና አራት የአፕ ስሞች ናቸው። ጀርባው ጥቁር ነው፣ አይከን የለም። ውጤቱ ደስ ይላል፤ ለሚሞክር ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚበላው የትኛው ክፍል እንደሆነ ቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ማጽዳቱ ቶሎ ያልቃል። ያለውን አቀማመጥ ስክሪንሾት አንሱ፤ ከላውንቸሮች (ሆም ስክሪኑን ከሚያሳዩት አፖች) አንዱ በሆነው ኖቫ ላውንቸር ላይ ያላችሁ ባክአፕ አውጡ። ገጾቹን ወደ አንድ አውርዱ፣ ኖቲፊኬሽን ዶት (አይከን ላይ የሚወጣውን የማሳወቂያ ነጥብ) ዝጉ፣ «አዲስ አፕ ወደ ሆም ስክሪን ጨምር» የሚለውንም አጥፉ፤ አለዚያ የምትጭኑት ሁሉ መልሶ ይደረደራል። ፎልደር አልወድም። ሃያ አፕ አንድ ሳጥን ውስጥ ቢታጨቅም ጣት ቦታውን ለምዶ እዚያው ይሄዳል። ከገጹ አውጥቶ ሲያስፈልግ በስም መፈለግ ይሻላል።

አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። በኬደብሊውጂቲ (ዊጀት፣ ማለትም ሆም ስክሪን ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሳያ፣ መሥሪያ አፕ) የሚያምር ሰዓት ሠርታችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ከሰዓታት በኋላ ስልኩን ስትከፍቱ ዊጀቱ 4:12 ላይ ቆሞ፣ ከላይ ጥጉ ላይ ያለው ግን 4:47 ይላል። ባዶ ገጽ ላይ ያለው አንድ ነገር ከተሳሳተ፣ ከተዝረከረከው የድሮው ገጽ ይብሳል።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ አንድሮይድ ራሱ ዊጀትን በየጊዜው ሲያድስ ትንሹ ርቀት 30 ደቂቃ ነው። በየደቂቃው መቀየር የሚፈልግ አፕ ከጀርባ ነቅቶ ራሱ ማደስ አለበት። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን ሲያስተኛው የመጨረሻው ምስል እንደደረቀ ይቀራል። ስለዚህ ሴቲንግ፣ አፕስ፣ የዊጀቱ አፕ፣ ባትሪ ውስጥ ገብታችሁ «ያልተገደበ» የሚለውን ምረጡ። አንዳንድ ስልኮች ላይ አውቶስታርት የሚባል ሌላ ፈቃድ አለ፤ እሱ ካልተሰጠ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ዊጀቱ ላይነሳ ይችላል። አፑ ሜሞሪ ካርድ ላይ ከሆነ ወደ ስልኩ መልሱት። ከሶፍትዌር አፕዴት በኋላም ፈቃዶቹን ደግማችሁ እዩ።

ይህን ሁሉ ለማይፈልግ፣ ቴክስት ክሎክ በሚባለው የአንድሮይድ የራሱ አካል የተሠራ ተራ የሰዓት ዊጀት አለ። ቁጥሩን የሚቀይረው ላውንቸሩ ውስጥ ሆኖ ስለሆነ የሰዓት አፑ ቢተኛም ደቂቃው ይሄዳል። ፎንቱን እንደልብ መቀየር አይቻልም፤ እኔ ግን ከውበቱ ትክክለኛነቱን እመርጣለሁ።

ኦላውንቸር በሚባለው፣ አፖችን በስም ብቻ በሚያሳየው ላውንቸር ላይ የቆየሁትም ለዚሁ ነው፤ ሰዓቱና ቀኑ የላውንቸሩ አካል ናቸው። ገጹ ላይ እስከ 8 የአፕ ስም ይፈቅዳል። እኔ 4 ይበቃል ባይ ነኝ፤ ያውም በችኮላ የሚከፈቱት ብቻ፦ ስልክ፣ መልእክት፣ ካሜራ፣ ካርታ። ወደ ላይ ስትጠርጉ ዝርዝሩ ከኪቦርድ ጋር ይመጣል፤ ሁለት ሦስት ፊደል ጽፋችሁ አንድ አፕ ብቻ ሲቀር በራሱ ይከፈታል። ዊጀት ለሚፈልግ ግን አይሆንም። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ ከራሳቸው ላውንቸር ውጪ በጣት መጥረግ ብቻ መንቀሳቀስን ስለሚከለክሉ ወደ ሦስቱ ቁልፎች መመለስ ይኖራል።

አይፎን ላይ ነገሩ አጭር ነው። ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ አፖችን ከገጹ አውጥቶ አፕ ላይብረሪ (ሁሉም አፖች የሚገኙበት የመጨረሻ ገጽ) ውስጥ መተው ይቻላል፤ አይከንን ባሻችሁ ቦታ ማስቀመጥ የመጣው ግን በ2024 በአይኦኤስ 18 ነው።

ስለ ቀለም፦ ጥቁር ዎልፔፐር ባትሪ የሚቆጥበው ኦሌድ ስክሪን ላይ ነው፤ እዚያ ጥቁሩ ፒክስል ይጠፋል። ኤልሲዲ ላይ ከኋላ ያለው መብራት ስለማይጠፋ ትርፉ ለዓይን ብቻ ነው። ግሬይስኬልን (ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን) ሁልጊዜ ማብራት አልመክርም፤ ካርታ ላይ የትራፊኩን ቀይና አረንጓዴ መለየት ያቅታል። ግሬይስኬል ያለው አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ከለር ኮሬክሽን የሚለው ስር ስለሆነ ለእሱ ሾርትከት አያይዙለት፤ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ በመያዝ ይበራል፣ ይጠፋል።