ጎንደር ላይ ያገኘሁት ወለል

ከባሕር ዳር ጎንደር ድረስ በሚኒባስ ተኝቼ ነው የመጣሁት። ያበሳጨኝ ከደረስኩ በኋላ ያለው ነው። ባጃጁ ከመናኸሪያ ፒያሳ ለማድረስ መቶ ሃምሳ ብር ተቀበለኝ፤ የፔንሲዮኗ ልጅ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ሌሊቱ ባሰ። አጠገቤ ያለው ክፍል እየታደሰ ስለነበር የሴራሚክ መቁረጫው እስከ እኩለ ሌሊት ጮኸ። እኛ ሰፈር አዲስ አበባ ቢሆን ጎረቤት በር ደብድቦ ያስቆመው ነበር፤ እዚህ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ጠዋት ልቆጣ ሄድኩ። ሠራተኛው ጀበና ጥዶ ኖሮ "ና ወንድማለም፣ ቡና ጠጣ" ሲለኝ ንዴቴ በረደ።

ከዚያ ወለሉን አየሁት። ክፍሉ 2.40 በ2.40 ሜትር፣ ሴራሚኩ 30 በ60 ሳንቲ ሜትር። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ወለሉን በ30 ሳንቲ ሜትር ሳጥን ብትከፍለው ስምንት በስምንት ይሆናል፣ አንዱ ሴራሚክ ሁለት ሳጥን ይይዛል፤ ይሄ እኮ የቼዝ ሰሌዳን በዶሚኖ፣ ሁለት ሳጥን በሚይዝ ጠፍጣፋ የመጫወቻ ድንጋይ፣ መሸፈን ነው! 32 ሴራሚክ፣ አንድም ሳይቆረጥ። በስንት ዓይነት ይነጠፋል ብዬ ጠየቅኩት። "ሃምሳ ይሆናል" አለ። 12,988,816 ነው። ደግሜ እንድነግረው አደረገኝ።

የዚህን ቆጠራ ቀመር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1961 የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ካስቴሌይን ለብቻው፣ ቴምፐርሊና ፊሸር ደግሞ በጋራ ናቸው፤ ጥያቄው ደግሞ የመጣው ከፊዚክስ ነው፣ ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። ባለ ሁለት አተም ሞለኪውሎች አንድን ገጽ ሲሸፍኑ በስንት መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ? የመንገዶቹ ብዛት ከታወቀ፣ ሎጋሪዝሙን ወስዶ ኢንትሮፒውን፣ ማለትም በሙቀት ፊዚክስ የሥርዓት አልባነት መለኪያውን፣ ማስላት ይቻላል። ወለሉ በጣም ሲሰፋ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሴራሚክ ምርጫውን ወደ 1.79 ጊዜ ያህል ያበዛዋል። ተማሪዎቻችን ቆጠራን በአንድ ምዕራፍ፣ ሙቀትን በሌላ መጽሐፍ ተምረው ሁለቱ ሳይገናኙ መመረቃቸው ያናድደኛል።

ፋሲል ግቢን ለከሰዓት አሳለፍኩት፤ ሰውዬው ጨዋታ ይዟል። "አንዴ እንዲህ ያለ ክፍል ሠርቼ፣ በሁለት ተቃራኒ ጥጎች 30 በ30 የሆነ ዓምድ ነበረው፣ ሳይቆረጥ እምቢ አለኝ" አለ። በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ጥቁርና ነጭ ሳጥን ሣልኩለት። አንድ ሴራሚክ ሁልጊዜ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ይሸፍናል። ተቃራኒ ጥጎቹ ግን አንድ ቀለም ናቸው፤ ሲወጡ 30 እና 32 ይቀራል። ስለዚህ በምንም መንገድ አይሆንም።

"እኔ እኮ ግማሽ ቀን ታግያለሁ" አለ። ትንሽ አሰበና "ዓምዶቹ በአንድ ግድግዳ ጫፍና ጫፍ ቢሆኑስ?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ራሱ ሠራው፦ በግድግዳው ረድፍ ሦስት ሴራሚክ፣ የቀረው ሰባት በስምንት ነው፣ ይገባል።